የአክስቴ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ አውቅ ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ኋላ የምተርከውን ሰምታችሁ ሰነፍ ነበረች እንዳትሉኝ። በዘመኔ ከነቀምቴ ልጆች መካከል ከእኔ በላይ የሰዋስው መጽሐፍ ያገላበጠ ቢገኝ እጄን እቆረጣለሁ። የግሡን ሠንጠረዥ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም በጽሑፍ ፈተና ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር እኩል እሰለፋለሁ፤ ከአንዳንዶቹም እበልጣለሁ። ያቃተኝ መናገር ነው።

አስተማሪ ሲጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከመናገሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ እሠራዋለሁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ይመጣልኛል። ከዚያ የትምህርት ቤት ልማድ ነውና በአማርኛ በኩል ይዞራል። ከዚያ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገረው። ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ምርመራ አለ፤ ጊዜው ልክ ነው ወይ፣ ነጠላ ነው ብዙ፣ የቱ ቃል ይቅደም። ይህን ሁሉ ጨርሼ ቀና ስል አስተማሪው ሌላ ሰው ጠይቆ፣ ያ ሰው ተሳስቶ መልሶ፣ ክፍሉ ስቆበት፣ ትምህርቱ ሁለት ገጽ አልፎ አገኘዋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ያደግነው “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” እየተባልን ነው። እግርህ ወለም ቢልህ ወጌሻ አለልህ፣ አፍህ ወለም ካለ ግን ማንም አያቃናልህም ተብሎ ያደገ ልጅ፣ በባዕድ ቋንቋ ሠላሳ ሰው ፊት አፉን እንዲከፍት ሲጠየቅ ምን ያድርግ? እኔ ዘጋሁት።

በሴቶቹ ማደሪያ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነበር የምንተኛው፤ ሁላችንም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣን። ችግራችን አንድ፣ መድኃኒታችን የየብቻ። አንዷ በየቀኑ አንድ ገጽ መዝገበ ቃላት ትሸመድድና ገጹን ቀዳ ትጥለዋለች፤ ወደ ኋላ እንዳልመለስ ነው ትላለች። መዝገበ ቃላቱ ከሳ፤ እሷ ግን ቤተ መጻሕፍት ስትሄድ የምትፈልገውን መጽሐፍ አሁንም በጣቷ ነበር የምታሳየው። ሌላዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ገብታ አንዱን ፊልም ሁለት ሦስቴ ታይና፣ ማታ መስታወት ፊት ቆማ የተዋናይዋን ንግግር ትወጣዋለች። አነጋገሯ ያምር ነበር። ችግሩ “ከእንግዲህ አልፈልግህም፣ ውጣልኝ” ከሚለው በቀር የምትናገረው ነገር አልነበራትም፤ ይህንንም የምትለው ሰው ገና አላገኘችም። አንድ ጊዜ ደግሞ ተሰብስበን ረቡዕ ረቡዕ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ክፍላችን ውስጥ እንዳይነገር ሕግ አወጣን። ረቡዕ የጸጥታ ቀን ሆነ። የማደሪያው ተቆጣጣሪ ጨዋነታችሁ ረቡዕ ረቡዕ ያስደስተኛል ብላ አመሰገነችን።

የእኔ ዘዴ ደብተር ነበር። ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል የምለውን ሁሉ መልሱን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ወለጋ ደን፣ ስለ ምኞቴ። አንድ ደብተር ሞላ፤ ሁለተኛ ጀመርኩ። ሰዉ ግን ደብተሬ ውስጥ ያለውን ጥያቄ አልጠይቅ አለኝ።

የንግግር እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ሸበቶ ፈረንጅ ነበር፤ በጋ ክረምት አንድ ቡናማ ሹራብ የማይለየው ቀጭን ሰው። ክፉ አልነበረም። በሰኔ የቃል ፈተና እያንዳንዳችንን ለዐሥር ደቂቃ ብቻችንን አስገባን። ተራዬ ደርሶ ስገባ “ስለ ከተማሽ ንገሪኝ” አለኝ። ሆዴ ውስጥ ሥራው ተጀመረ። “የስ ሰር” አልኩ። ከዚያ በኋላ የወጣኝ ቃል የለም። እሱ ይጠብቃል፤ እኔ እሠራለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ እንደገና እሠራለሁ። ዐሥሩ ደቂቃ አለቀ።

በማግስቱ ቢሮው አስጠርቶ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የጽሑፍ ውጤትሽ ጥሩ ስለሆነ ዛሬ አልጥልሽም፤ በመስከረም ከምዝገባ በፊት መጥተሽ በድጋሚ ትፈተኛለሽ፤ ዐሥር ደቂቃ ካወራሽ ሁለተኛ ዓመት ትገቢያለሽ፣ ካላወራሽ ዩኒቨርሲቲው ያሰናብትሻል። ይህንንም “የስ ሰር” ብዬ ተቀበልኩ።

አባቴ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰው ወገብ ሲለካ እንኳ “ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት” ሳይል ሜትሩን አይጠቀልልም። በዚያን ጊዜ ከከተማችን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሴቶች በአንድ እጅ ጣት የምንቆጠር ነን። እኔ ተባርሬ ብመለስ የሚያፍረው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ከኋላዬ የሚመጡት ልጆች አባቶች ሁሉ “አየህ፣ ሴት ልኮ ምን አተረፈ” ሊሉ ነው። ለማንም ሳልናገር አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ጊቤን ስንሻገር ዝናብ ያዘን፤ ጭቃው ውስጥ ወርደን ስንገፋ እልህ ያዘኝ። ይህ ክረምት ሳያልቅ ይህችን ምላሴን እፈታታለሁ፣ አለዚያ ቆርጬ እጥላታለሁ አልኩ።

ነቀምቴ ስደርስ የከተማው የውጭ አገር አስተማሪዎች ሁሉ ለእረፍት ሄደዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲባል የቀረችው ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምታስተዳድር ፈረንጅ ነርስ ናት። ሕዝቡ ሲስተር ይላታል። እዚያ ደግሞ አዳዳ ትሠራለች። አዳዳ የአባቴ እህት ናት፤ በእኛ ዘንድ የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው።

አዳዳ የተቀጠረችው አንሶላ ለማጠብ ነበር። ፊደል የቆጠረችው መዝሙር ለማንበብ ያህል ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሲስተር አስተርጓሚ የነበረው ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቷ፣ ወደ ጊምቢ ሲዛወር፣ በዚያው ሳምንት እግሩን በመጥረቢያ የቆረጠ ሰው በቃሬዛ መጣ። የሚያስተረጉም ጠፋ። አዳዳ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ከጓሮ ገብታ ነገሩን በእጅም በአፍም አስረዳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሲስተርና ከበሽተኛው መካከል ቆማ ቀረች። እንግሊዝኛውን ከየት አመጣችው ብትሉኝ፣ ከመስማት። ማንም አላስተማራትም።

እንግሊዝኛ ልለማመድ ክሊኒኩ በሄድኩ በመጀመሪያው ቀን ልሰማት ቆምኩ። አንድ ገበሬ ገብቶ ስለ እግሩ ረጅም ነገር ተናገረ። አዳዳ ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ ሲስተር ዞረችና “ሲስተር! ዚስ ማን ሌግ ቬሪ ባድ። ካው ኪክ። ቱ ናይት ኖ ስሊፕ” አለች። ላም ረግጣው ሁለት ሌሊት አልተኛም ማለቷ ነው። ሲስተር ራሷን ነቅንቃ መጻፍ ጀመረች። እኔ ቆሽቴ አረረ። ግሥ የለ፣ ጊዜ የለ፣ ምን የለ። የቤተሰባችን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህች ናት? ስድስት ዓመት ሙሉ በፈረንጅ ፊት እንዲህ ስታዋርደን ኖራለች? ሲስተር ደግሞ እንዴት አታርማትም? እያልኩ ካርድ መጻፍና ፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ፤ ለዚያ ነበር ሲስተር ያስገባችኝ።

ሳምንት ቻልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ተራ የሚጠብቁ ሃያ ያህል ሰዎች በበሩ እያዩ፣ “አዳዳ፣ እንዲህ አይባልም” ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አረምኳት። ደስ አለኝ መሰለኝ፣ ቀጥዬ ሁለተኛ አረምኩ። ሦስተኛውን ስጀምር አዳዳ ቆም አለች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ታላቅን በሰው ፊት ማረም በእኛ አገር ምን እንደሆነ የማላውቅ አልነበርኩም፤ አውቅ ነበር፤ ግን የግሡ ነገር ከዚያ በልጦብኛል።

“እንግዲያው የተማረችው ታናግራቸው” አለች በኦሮምኛ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “እኔ ያልታጠበ አንሶላ አለኝ።” ወጣች።

ቀጥላ የገባችው ከጉቶ በኩል በሌሊት ተነስታ የመጣች እናት ናት። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ዓይኖቹ ጎድጉደዋል። ተቀመጠችና እንደ ወጉ ሰላምታ ጀመረች። “አከም ቡልተኒ?” እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ቀጠለችና “ሎን ነጋ?”፣ ማለትም ከብቶቹስ ደህና ናቸው፣ ዝናቡስ አልጎዳችሁም፣ ባሕር ማዶ ያሉት እናትሽስ ደህና ናቸው ወይ ብላ ሲስተርን ጠየቀች። በሽታ ተሸክሞ መጥቶ ሰላም ሳይሉ ወደ በሽታው መግባት ነውር ነው። አዳዳ ብትሆን ይህን ሁሉ ራሷ ተቀብላ፣ ራሷ መልሳ፣ መርቃ ትጨርሰውና ሲስተር ጋ የሚደርሰው ሕመሙ ብቻ ነው። እኔ ግን አስተርጓሚ ነኝ፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር አደርሳለሁ ብዬ ወሰንኩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር በሆዴ ሠርቼ፣ መርምሬ፣ ከብቶችሽ ደህና ናቸው ወይ ትልሻለች አልኳት።

“ምን ከብት?” አለች ሲስተር።

ምን ከብት! ይህ በደብተሬ የለም። ከብት እንደሌላት አውቃለሁ፤ ጥያቄው ስለ ከብት እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ግን ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ልሥራው? ሲስተር ሰዓቷን አየችና ሕፃኑ ምን ሆኖ ነው አለችኝ። እናቲቱን ጠየቅኩ። እሁድ ዕለት የጠባውን ሁሉ አስመለሰ፤ ትናንት ተሽሎት ነበር፤ ዛሬ እንደገና ጀመረው አለችኝ። እሁድ አንድ ጊዜ ነው፣ ትናንት ሌላ ጊዜ፣ ዛሬ ደግሞ የሚቀጥል ጊዜ። ሠንጠረዡ ሁሉ በአንድ ሕፃን ሆድ ውስጥ ተሰበሰበብኝ። ሲስተርን አየሁ። ሕፃኑን አየሁ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

አሁን ነገሩን በእናቲቱ ዓይን እዩልኝ። ፈረንጇ ሰዓቷን አይታ አንድ ነገር ተናገረች። የተማረችው ልጅ ይህን ከሰማች በኋላ ወደ ሕፃኑ ዞር ብላ አየችና ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ዝም አለች። በእኛ አገር በሽተኛ አይቶ እንዲህ ዝም የሚል ማን ነው? መርዶ የያዘ ሰው ነው። መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም፤ ተናጋሪው መጥቶ ቆሞ ዝም ይላል፤ ሰሚው ከዝምታው ይረዳዋል።

እናቲቱ ተረዳችው። “እሪ!” ብላ ከወንበሩ ወደቀች። ደጅ ያሉት ሴቶች ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ማሰር ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ወረወሩ። ከሰፈሩ ደግሞ ለቅሶውን የሰሙ እየሮጡ መጡ። ሲስተር ተነስታ “ምን አልሻት?” ብላ ጮኸችብኝ። ምንም፣ ምንም አላልኳትም። እውነቴን ነበር፤ ጉዱም የፈላው ከዚያ ነው።

አዳዳ እርጥብ አንሶላ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ደረሰች። ማንንም ሳትጠይቅ ሕፃኑን ከወደቀችው እናቱ ጀርባ ፈታ አነሳችው፤ ሲስተር ስታደርግ እንዳየችው የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው ተመለሰ፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቁን ሆን ብላ ነው ያደረገችው፤ በሚሞት ልጅ ላይ ማንም አይስቅም። ለቅሶው ቀጥ አለ። እናቲቱን ሁለት ጥያቄ ጠየቀቻትና ወደ ሲስተር ዞረች፦ “ቤቢ ድሪንክ፣ ቤቢ አውት። ሰንደይ አውት። የስተርደይ ጉድ። ቱደይ አውት።” በእጇ ከሆድ ወደ አፍ እያሳየች። ሲስተር ገብቷት ወዲያው ስኳርና ጨው በተፈላ ውሃ በጠበጠች። ሕፃኑ በማንኪያ ሲሰጡት ዋለና ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ እየተቁነጠነጠ ወደ ጉቶ ተመለሰ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ከጭቃ ሲያራግፉ ግን ወደ እኔ ያዩት አስተያየት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ከአዳዳ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ሆድ ባሰኝ። የሰኔውን ፈተና፣ የመስከረሙን ቀጠሮ፣ ለአባቴ ያልተናገርኩትን ሁሉ ለእሷ ነገርኳት። ስለ ዓረፍተ ነገር እርማቱም ይቅርታ ጠየቅኩ። ጭቃው ውስጥ ቆም ብላ ሰማችኝ።

“ኢንተላ ኮ” አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። “እኔ የምናገረው ስህተት እንደሆነ አላውቅም መሰለሽ? ሲስተር መጀመሪያ ሰሞን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። ሳቂ አልኳት በሆዴ፤ ስትጨርሺ ግን የዚህን ሰው እግር እዪለት። ሰው ፊትሽ ቆሞ እየጠበቀሽ ዝም አትበይ፤ ሌላው ሁሉ ኋላ ይስተካከላል።”

“አስተምሪኝ” አልኳት። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሴት፣ መዝሙር አንባቢዋን።

ሳቀች፤ ግን እሺ አለች፤ ደንብም አወጣች። ከነገ ጀምሮ ከሰልፉ ግማሹን እኔ አናግራለሁ። እሷ መስኮቱ ሥር አንሶላ ታጥባለች። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እሷ መዝሙር ትጀምራለች። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አዳዳ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ትናገር እንጂ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ወደ ኋላ ተቀመጪ ትባል ነበር። የመጀመሪያው ቀን ዐሥራ አንድ ጊዜ ዘፈነችብኝ። በሽተኞቹ እየሳቁ ሕመማቸውን ረሱ። እኔ እያለቀስኩ ሠራሁ።

ግን ሠራሁ። ሰላምታውን ራሴ ተቀብዬ ራሴ መመለስ ተማርኩ። ቃል ሲጠፋኝ ዙሪያውን መዞር ተማርኩ። ለምች እንግሊዝኛ አልነበረኝም፤ ፀሐይ መታችው፣ ራሱን ያመዋል፣ ከንፈሩ ላይ ቁስል ወጣ ብዬ አለፍኩት። ያልገባኝን “አጌን ሲስተር” ማለት ተማርኩ፤ ለዚህች ቃል የዓመት ኩራቴን ነው የከፈልኩት። ጊዜ መግዛት ሲያምረኝ “ዌይት ሲስተር” እላለሁ፤ ያችም ቃል ስለሆነች አዳዳ አትዘፍንም። ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ በእንግሊዝኛ አዋራለሁ፤ ላሟን፣ ድልድዩን፣ በቆሎውን። ሰው አበደች ቢል ይበል። ቀድሞም ማየት ነበረብኝ፤ አባቴ ክር የሚገዛበት ጉራጌው ባለሱቅ ኦሮምኛ አንድ ቃል ሳያውቅ ነቀምቴ ገብቶ፣ በዓመቱ ከገበሬው ጋር ይቀላለድ ነበር። ገበያተኛው በአነጋገሩ ይስቃል፤ እየሳቀም ይገዛዋል። ደብተር ይዞ አይቼው አላውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መዝሙሩ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሆነ። ጳጉሜን ሲቃረብ ሙሉ ቀን ያልዘፈነችበት ጊዜ መጣ። ያን ቀን ማታ “ጉሮሮዬ ዛገ” ብላ ተማረረችብኝ።

ልመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ሲስተር ክፍሏ አስገብታ ሻይ ሰጠችኝ። በጣም እንደተሻሻልኩ ነገረችኝ። ከዚያ ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ በደመወዝ ልቅጠርሽ አለችኝ። አክስትሽ ደክማለች፣ እንግሊዝኛዋንም ታውቂዋለሽ፣ እሷ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ትመለሳለች አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ የምትሰጠኝ ትልቅ ነገር እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። እውነት ለመናገር ለአፍታ ልቤ ሄዷል። የመስከረሙ ፈተና ሌሊት ሌሊት ያባንነኝ ነበር። እዚህ ብቀር መፈተን የለ፣ መባረር የለ፤ አባቴም “ሥራ ያዘች” የሚል የተከበረ ወሬ ይኖረዋል።

ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። የተናገርኩትን ዛሬ በአማርኛ አስተካክዬ ብጽፈው ውሸት ይሆናል፤ የወጣው ተሰባብሮ ነው። ስድስት ዓመት አንቺ ትቀመጫለሽ፣ በሽተኛ ይቀመጣል፣ አክስቴ ትቆማለች አልኩ። አንቺ የሰማሽው በሽተኛ ሁሉ የተናገረው በእሷ አፍ ነው አልኩ። ስንቱ ሰው ድኖ ቤቱ የገባው ባንቺ መድኃኒትና በእሷ ስህተት ነው አልኩ። እኔ ትክክል ልናገር ብዬ ሰው አስለቀስኩ፣ እሷ ተሳስታ አስታገሰች፤ ቦታዋን አልወስድም፣ ብትሰጪኝም አልወስድም፣ እኔ የራሴ ፈተና አለኝ አልኩ። ገና ብዙ አልኩ። ሲስተር ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ነው ድንጋጤው የመጣው። ምን አደረግኩ? በእኔ አፍ አዳዳን ቢያባርሯትስ? ይህን እያብሰለሰልኩ ጨለለቂ ደረስኩ። ያን ሁሉ የተናገርኩት በእንግሊዝኛ መሆኑ ትዝ ያለኝ እራት ላይ ነው።

በማግስቱ ስንገባ በሲስተር ክፍል ውስጥ ሦስት ወንበር ነበር። “ይቺ የማን ናት?” አለች አዳዳ። ሲስተር በእጇ እንድትቀመጥ አመለከተቻት። አዳዳ ወንበሩን ዞራ አየችው፣ አመሰገነች፣ የበሽተኛውን ጓዝ አስቀመጠችበትና እንደ ልማዷ ቆመች። ቁጭ ብዬማ እጄን እንዴት አድርጌ ላወራ ነው አለችኝ። ሲስተር ስለ ሻዩ ምንም አላነሳችብኝም፤ እኔም ለአዳዳ አልነገርኳትም።

በመስከረም ከምዝገባ በፊት ባለው ሰኞ የሸበቶው አስተማሪ ቢሮ ገባሁ። እንደ ሰኔው “ስለ ከተማሽ ንገሪኝ” አለኝ። ሆዴ ዓረፍተ ነገር መሥራት ሲጀምር ሰማሁት። አልጠበቅኩትም። ከጉቶ ስለመጣችው እናት ጀመርኩ። ስለ ከብቶቹ ነገርኩት፣ ስለ ሽማግሌው ኮፍያ ነገርኩት፣ የአዳዳን መዝሙር እሱ ቢሮ ውስጥ ዘፈንኩለት። የመቆንጠጥ እንግሊዝኛው ሲጠፋኝ ተነስቼ የገዛ ክንዴን ቆንጥጬ አሳየሁት። አንድ ጊዜ ሳቀ፤ ስቆ እስኪጨርስ ጠብቄ ቀጠልኩ። “ዌይት ሰር” አልኩት፣ “አጌን ሰር” አልኩት። ሰዓቱን ሲያይ አየሁት፤ ገና አልጨረስኩም ብዬ ወደ ሻዩ ገባሁ። ስጨርስ አፌ ደርቆ ነበር።

እሱ ስናገር ሁሉ በእርሳስ አንድ ነገር ሲጭር ነበር። ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች ጭረት ነው፤ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ጭረት። ቆጠርኩት፤ ሠላሳ አንድ።

“በሰኔ አንድ ስህተት አልሠራሽም ነበር” አለኝ። “ስለዚህ አላሳለፍኩሽም። አሁን አልፈሻል።”

ወረቀቱን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው ብሎ ከለከለኝ።